የፊደላቱ እርጅና

አሮጌ መምሰል ከማርጀት እንደሚበልጥ የተገነዘበ አንድ አዲስ መሥሪያ ቤት፣ ምስጋና ይግባውና፣ የግድግዳው ቀለም ሳይደርቅ አንጋፋ ለመሆን ወሰነ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «ሰው የሚያከብረው የቆየውን ነው፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እንቆያለን!» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

የመቆየቱ ሥራ የወደቀው በዲዛይነሯ ላይ ነው። በጊዜያዊነት የተቀጠረች፣ ማታ ማታ እናቷ «ዛሬስ ቋሚ ሆንሽ?» እያለች የምትቀበላት ልጅ ናት። ቋሚ ለመሆን ፊደል ማስረጀት ግድ ሆነባት። በድሮ የጽሕፈት መኪና የተመታ የሚመስል ፊደል በኮምፒዩተር ሠራች፤ ጠርዙን ሸራረፈች፣ ቀለሙን እዚህ አደበዘዘች፣ እዚያ አዝረከረከች።

«ይኼ ‹ሰ› ጤነኛ ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

«አንድ እግሩን ቆርጬዋለሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«ሁለተኛው ምን ያደርግለታል?»

አሳዘናት፤ ግን ቆረጠችው።

ሥራ አስኪያጁ በውጤቱ እንባ እስኪተናነቃቸው ረኩ። የመሥሪያ ቤቱ ጽሑፍ ሁሉ በዚሁ ፊደል እንዲታተም መመሪያ ወጣ። በአሳንሰሩ በር ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ማንበብ የቻለ ባይኖርም፣ ሁሉም ቆሞ እያደነቀው ይገባ ነበር።

ለውለታዋ የቋሚነት ደብዳቤ ተጻፈላት፤ በዚያው በራሷ ፊደል። እየፈነጠዘች ለሰው ኃይል ኃላፊው አቀረበች። ኃላፊው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አገላበጡት። ስሟና «ቋሚ» የሚለው ቃል እንደ ምንም ይለያሉ፤ ቀኑን ግን የቀለም ነጠብጣብ ውጦታል።

«ለካስ የጥንት ሠራተኛ ኖረዋል!» አሉ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው።

«ኧረ ትናንት ነው የተጻፈው!»

«እትዬ፣ ይኼ ወረቀት በዕድሜ እኔን ይበልጣል። ጡረታዎ ደርሶ አልፏል እኮ።»

«ፊቴን አያዩም እንዴ?»

«መመሪያው ሰነድ ይመርመር ነው የሚለው፤ ፊት አይልም።»

ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች እንዲሉ፣ እያለቀሰች ወደ ሥራ አስኪያጁ ሮጠች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ! ደብዳቤው አዲስ ነው ብለው ይመስክሩልኝ!»

ሥራ አስኪያጁ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«አዲስ ነው ካልኩማ ሁላችንም አዲስ ነን ማለት ነው። ደግሞስ፣ ጡረተኛ የሌለው መሥሪያ ቤት ምኑ አንጋፋ ነው?»

በሳምንቱ፣ ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላት የመሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያ ጡረተኛ በአበባና በረዥም ንግግር ተሸኘች። በማግሥቱ በቦታዋ ሌላ ዲዛይነር ተቀጠረ፤ በጊዜያዊነት።