የአክስቴ ሽንት ቤት ቁልፍ

ሰው የማይገባበት ሽንት ቤት ለምን ይቆለፋል? ይህን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። ዓይናፋር ስለሆንኩ ማንንም አልጠየቅሁም። እናንተስ ብትሆኑ ማንን ትጠይቁ ነበር?

ነገሩ የአክስቴ የወርቄ ነው። ከወለንጪቲ ወጣ ብላ ነው የምትኖረው። የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ጫልቱ ጨቅጭቃ ጨቅጭቃ ሽንት ቤት አሠራቻት። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል። የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ሳሙናው ከነወረቀቱ ነው። እኔ ደግሞ ወረቀቱ ያልተቀደደ ሳሙና አላምንም።

ቁልፉ በአክስቴ ነጠላ ጫፍ ላይ እንደተቋጠረ ይኖራል። ባለፈው ስሄድ፣ ከናዝሬት ሚኒባስ ጀምሮ ችዬ የመጣሁትን ነገር በጆሮዋ ሹክ አልኳት። ከጓሮ ወዳለው ቁልቋል ጠቆመችኝ።

«የኔ ልጅ፣ ከወረዳ የመጡ እንደሆነስ? ቆሽሾ ይዩት?»

እሷም ብትሆን ጉልበቷን እያመማት፣ ጎህ ሳይቀድ የምትሄደው እዚያው ቁልቋል ሥር ነው። ክረምት ላይ አዳልጧት ወድቃ ስንት ቀን ተኝታለች።

አትፍረዱባት። እኛስ ቡፌ ውስጥ በተደረደረው ብርጭቆ መቼ ጠጣንበት? ጥሩ ነገር ለእንግዳ ነው።

እንግዶቹም በማግስቱ መጡ፤ አንዱ ከጤና፣ አንዱ ከውሃ ጽሕፈት ቤት። አክስቴ ከፈተችላቸው። የውሃው ሰው፣ ሕዝቡ መጠቀም ሲጀምር ውሃ እናስገባለን አለ። የጤናው ሰው፣ ውሃ ሲገባ ሕዝቡ ይጠቀማል አለ። ተስማሙ። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ሲስማሙ ጭራሽ ጠረጠርኩ። አንገታቸውን አስግገው አሸተቱ፤ ምንም አይሸትም። ሞዴል ነው ተባለ።

ከዚያ የጤናው ሰው ወደ እኔ ጠጋ አለ። «እህት፣ ሽንቴ መጥቶ ነበር። በየት በኩል ነው?»

አፍሬ ቆርቆሮውን አሳየሁት።

«ኧረ እሱንማ አናበላሽባቸው» ብሎ ወደ ቁልቋሉ ሄደ።

አክስቴ ልትሸኛቸው ስትወጣ በሩ ገና አልተቆለፈም ነበር። ገባሁ። ጀሪካኑ ደረቅ ስለነበር፣ ሳሙናውን ቀድጄ በያዝኩት የላስቲክ ውሃ ታጠብኩ። በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ፣ መጽሐፌ ሥር ከትቼ ወደ ናዝሬት ተመለስኩ።

ማታውኑ አክስቴ ደወለች። ሌባ ቁልፏን ወስዶ፣ ይባስ ብሎ በሳሙናዋ ታጥቦ ሄዷል። «አንዴ ከተገባበት ወዲያ ምን አደርጋለሁ፣ እኔም እዚያው እየገባሁ ነው» አለችኝ።

ማንን ትጠረጥሪያለሽ ብላት፣ ያንን የጤናውን ሰውዬ አለችኝ።

እውነቱን ልነግራት ብዬ ተውኩት። ሰውዬው አንድ ጊዜ እንኳ ሽንት ቤቱን ተጠቅሞበታል ይባልለት።