የፊታውራሪው ስም ሲነሳ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ማፍረስ ቀላል ነው፤ ስም ማፍረስ ግን ጉድ ያሳያል። ካዛንቺስን እዩዋት። ጣሊያን ለሠራተኞቹ ቤት ሠራ፣ ተባረረ፣ ሰፈሩም ፈረሰ፤ ስሙ ግን ዛሬም በታክሲ ይጠራል። ማን ቅር አለው?

እዚያው ካዛንቺስ የማስተምርበት የግል ዩኒቨርሲቲ አንድ ሕንፃ አለው። ግንባሩ ላይ የአንድ ፊታውራሪ ስም ነበር። ማን እንደሆኑ አልነግራችሁም፣ ምክንያቱን ትደርሱበታላችሁ። ጽሑፉ ስለደበዘዘ ሁላችንም "ቢጫው ሕንፃ" ነበር የምንለው። እኔ ራሴ እዚያ ውስጥ ሥነ ምግባር ሳስተምር ስኖር አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ አላነበብኩትም።

ታዲያ ጽሑፉ በደማቅ ቀለም ሲታደስ የቤተ መጻሕፍት ባልደረባችን ዘይነባ አነበበችው። የእናቷን አያት ከደጃቸው አስወስደው ለባርነት የሸጡት እኚሁ ሰውዬ ናቸው፤ እናቷ ዛሬም የሰውዬው ስም ሲነሳ ያለቅሳሉ። የዘይነባ ልጅ ደግሞ ዘንድሮ የምትመረቀው እዚያው ሕንፃ አዳራሽ ውስጥ ነው። በዚህ ስም ሥር እናቴን አላሳልፍም አለች ዘይነባ።

ስብሰባ ተጠራ። አንድ አንጋፋ መምህር ታሪክ አይፋቅም፣ ሰውየው እኮ ድልድይ አሠርተዋል ብለው ተከራከሩ። ዘይነባ በድልድዩ ላይ እነማን እንደተነዱ ስትጠይቃቸው ሻያቸውን ማማሰል ያዙ። ስሙ ተነሳ፤ "እኩልነት ሕንፃ" ተባለ። ለክብሩም ነጭ ቀለም ተቀባ። እንዴት ደስ አለን!

ደስታችን ታፔላው እስኪሰቀል ነበር። "እኩልነት ሕንፃ" ይላል፤ ከሥሩስ ምን ቢል ጥሩ ነው? "የቀድሞው ፊታውራሪ እገሌ ሕንፃ"! የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ላይ ብንጮህ፣ እንግዳ እንዳይጠፋ ብዬ ነው፣ በከተማው እንዲህ አይደል እንዴ የሚጻፈው አሉን። አስፋቅነው። ግን በቃ፣ አንዴ ወጥቷል። ቢጫ እንዳይሉት ነጭ ሆኗል፤ እኩልነትን ደግሞ የሚያውቅ የለም። ከጥበቃው እስከ ታክሲ ሹፌሩ "ፊታውራሪው ጋ" ይል ጀመር። ማንም የማያውቃቸውን ሰውዬ እኛው አስጠራናቸው!

የምረቃው ዕለት ከዘይነባ ጋር በር ላይ ቆመናል። እናቷን ጋቢና፣ ዘመዶቿን ከኋላ የጫነው ሚኒባስ ቡልጋሪያ ሰፈር መንገዱ ጠፍቶት ይዞራል። ሹፌሩ እየነዳ በስፒከር ደወለ። እኩልነት ሕንፃ ብትለው አያውቀውም። ምልክት እንዳትነግረው አካባቢው ሁሉ ፈርሷል። ፕሮግራሙ ሊጀመር ነው። ዘይነባ አየችኝ፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ከዚያ ስሙን በስልኩ ጠራችለት፣ ቀስ ብላ፣ ሙሉውን።

ሹፌሩ በደስታ ሲጮህ እኔም ሰማሁት፦ "ታዲያ ከመጀመሪያው ፊታውራሪው ጋ አትይኝም! እማማ፣ አያልቅሱ፣ አይዞዎት፣ ደረስን!"