ሲማዳ የቀረው የባሕር መነጽር

ባሕር በሌለው አገር የባሕር መነጽር የሚሸጥ ሰው ምን አስቦ ነው የሚሸጠው? እንጃ። ብቻ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ኳስና የቦክስ ጓንት የሚሸጥበት አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ሰማያዊ ጎማ፣ ሰፊ መስታወት፣ አፍንጫን ጭምር የሚሸፍን። አቧራ ጠጥቷል። ከእኔ በፊት ዓይኑን የጣለበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ የመጣው በስንታየሁ ነው። ስንታየሁና እኔ ንፋስ መውጫ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል። በአንድ ካርታ ላይም ጣታችንን ሰድደናል፤ እሱ በከተሞቹ ላይ፣ እኔ በሰማያዊው ላይ። አስተማሪያችን ሰማያዊውን “ይሄ ውሃ ነው” ብለው ያልፉት ነበር። እኔ ግን አላለፍኩትም። ከሥሩስ ምን አለ? ይኸው ጢሜ ሸብቶ እንኳ ጥያቄው አልለቀቀኝም።

ስንታየሁ ዛንዚባር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ይሠራል። ደወለና፣ ና፣ ውሌ ሊያልቅ ነው፣ ከዚያ በኋላ ማን ባሕር ያስጠልቅሃል፣ አለኝ። ዕቃውስ? አልኩት። እዚህ ይከራያል አለኝ።

መከራየት የሚለው አልተዋጠልኝም። አዲስ አበባ የምኖርበት ቤት ኪራይ ነው። ለወንድሜ ሠርግ የለበስኩት ሙሉ ልብስ ኪራይ ነበር። ዕድሜ ልኬን የጓጓሁለትንም ነገር በኪራይ ዓይን ልየው? የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባል የለ? በዚያ ላይ የመተንፈሻው ጎማ አፍ ውስጥ የሚገባ ነው። ከእኔ በፊት ስንት ጥርስ ነክሶት ይሆን?

ስንታየሁ ሳቀብኝ። የአየር ሲሊንደር ተሸክመህ አውሮፕላን ልትሳፈር ነው? ጥብቅ ያለውን የጎማ ልብስ ተመልሰህ የት ትለብሰዋለህ፣ አራት ኪሎ? እንደ ዳክዬ እግር የሰፋውን ጫማ አድርገህ ታክሲ ልትጋፋ? ክርክሩ ሰነበተ። በመጨረሻ እንደ ሽማግሌ እርቅ ከመሃል ተገናኘን። ከባዱ ይከራያል፤ መነጽሩ ይገዛል። ፊት የግል ነው። የእኔ ጉንጭ ደግሞ ገባ ያለ ስለሆነ ለሁሉ ተብሎ የተሠራ መነጽር ውሃ ያስገባብኛል።

ገዛሁት። ቤት ውስጥ አጥልቄው ሻይ አፈላሁ። አትሳቁ። ናፍቆት እኮ እንደዚህ ነው የሚያደርገው።

ከአገር ሊወጣ የተነሣ ሰው ሳይመረቅ ይሄዳል? አይሄድም። ስለዚህ ወደ ሲማዳ ወረድኩ፤ ከወገዳ ወጣ ብሎ፣ ያሳደጉኝ አጎቴ ጋሼ ምስጋናውና ባለቤታቸው እትዬ አንጓች ዘንድ። ስደርስ ሁለቱም አውድማ ላይ ናቸው፤ ገብስ ተወቅቶ ነፋስ ይጠበቃል።

“ምን ልታይ ነው የምትሄድ?” አሉ አጎቴ።

“ዓሣ።”

“ልትበላው?”

“ላየው ብቻ።”

እትዬ አንጓች አልገባቸውም። “ይኸን ሁሉ አገር አቋርጦ፣ አይቶት ብቻ ሊመለስ?”

“እንደ ዘመድ መሆኑ ነዋ” አሉ አጎቴ።

መነጽሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አጎቴ አገላብጠው አዩት፤ አጠለቁት። ልክ ያን ጊዜ ነፋስ መጣ። በምርት ሰዓት ነፋስ ሲመጣ ማንም ቆሞ አያወራም። አጎቴ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑና፣ መነጽሩን እንዳጠለቁ ላይዳቸውን አነሡ። እብቁ ፊታቸው ላይ ይዘንባል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይናቸው ቀልቶ ሲያነባ ይውላል። ያን ቀን ግን ፍጥጥ ብለው ዋሉ። “ገብሴን ገና ዛሬ አየሁት” አሉኝ፣ ድምፃቸው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሆኖ።

ይህንን ጎረቤት አየ። ለነገ ብቻ አውሱኝ አለ።

እኛ አገር ዕቃ ማን ገዛው አይባልም፤ ማን ዘንድ አደረ ነው የሚባለው። ወንፊት ይዞራል፣ መጥረቢያ ይዞራል፣ አህያ ይዞራል። ሕጉ አንድ ነው፤ የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። መነጽሬ መጀመሪያ የተጠበሰ ባቄላ ይዞ ተመለሰ። ቀጥሎ ሽምብራ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ አልተመለሰም። ወንዝ ተሻግሮ ታች ጋይንት ገብቷል ተባለ።

እትዬ አንጓች፣ አይጠፋም፣ አርብ ገበያ ለሚወጣ ሰው ልኬበታለሁ፣ እንልክልሃለን አሉኝ። እንቢ፣ የተዋሰው ሰው ዓይን ይቅላ ይባላል? አይባልም። ለምርቃት ተንበረከክሁ።

“ከክፉ ይሰውርህ። ከእሳት ይሰውርህ። ከውሃ…” አጎቴ ቆም አሉ። ወደ ሚስታቸው ዞሩ። “ውሃውን እኮ ፈልጎ ነው የሚሄድ።”

“እንግዲያ እሱን ይተዉት” አሉ እትዬ አንጓች።

ምርቃቱ ውሃን ዘሎ ቀጠለ። ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ግንባሬ ላይ እንትፍ እንትፍ አሉብኝ።

እኔ አዲስ አበባ እንደ ተመለስኩ መንገዱ ተዘጋ። ስልኩም ጠፋ። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። መነጽሬ እዚያ፣ እኔ እዚህ። የስንታየሁ ውል ማለቂያ ደረሰ። እናም ሄድኩ፤ በባዶ ፊቴ።

ጀልባዋ ላይ አሠልጣኙ የኪራይ መነጽሮችን ማደል ጀመረ። የእኔን አነሣና መስታወቱ ላይ እንትፍ አለበት። ፈረንጆቹ ፊታቸውን አጨማደዱ። እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ አንገቴን ደፋሁለት። “አሜን” አልኩ። ስንታየሁ ጎኔን ጎሸም አደረገኝ። መስታወቱ ጉም እንዳይዝ ነው፣ እየመረቀህ አይደለም፣ ቀና በል አለኝ። ቀና አላልኩም። ውሃ የጎደለው ምርቃት ነበረብኝ እኮ። ይሙላልኝ።

ከሥር ምን እንዳለ ልንገራችሁ? አርብ ገበያ ነው። ቢጫ ለባሽ፣ ሸንተረር ለባሽ፣ ብቻውን የሚያዘግም፣ ቆሞ የሚታዘብ። ሁሉም ጉዳይ አለው። እንዴት ዋልክ ያለኝ ግን የለም። በዚያ ሁሉ ገበያ መሃል የሚሰማኝ የገዛ ትንፋሼ ብቻ ነው፤ ሳብ፣ ለቀቅ። አጎቴ አውድማው ላይ መነጽሩን አጥልቀው እንደሚተነፍሱት። ስንት ዘመን የናፈቅሁት ሰማያዊ ሥር ገብቼ፣ ልቤ ገብስ ዘንድ ሄደ። መነጽሩ ውስጥ ውሃ ነበር። ስንወጣ ስንታየሁ፣ ለፊትህ አልገጠመም ማለት ነው አለኝ። የኪራይ ነገር፣ አልኩት።

ዕቃውን ስመልስ መነጽሩ ላይ ከቤት የያዝኩትን ቆሎ ሞላሁበት። አከራይዋ ቆሎውን አየች፣ እኔን አየች። ዓሣ መቀለብ ክልክል ነው አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ስልኩ ሠራ። አጎቴ ገና ድምፄን ሲሰሙ፣ “ዓሦቹ ደኅና ናቸው?” አሉ።

“ደኅና ናቸው ጋሼ።”

“ተመስገን።”

መነጽሬስ? አልኳቸው። ደኅና ነው፣ ከታች ጋይንት ወደ እስቴ ሊሻገር ነው፣ ለመጪው ምርትም ተራ ተይዞበታል አሉኝ።

“የእኔ እኮ ነው ጋሼ።”

“ያንተ አይደለም ማን አለ? መንገዱ ሲከፈት ና፤ ተራ አስቀድመን እናውስሃለን።” ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ጨመሩ። “ባዶውን እንዳትመልስ እንጂ።”

እንግዲህ ልትጓዙ የምታስቡ፣ መግዛት ይሻላል ወይስ መከራየት ብትሉኝ፣ ግዙ። ገዝታችሁ አገራችሁ ተዉት። የሚዋሰው ነገር ያለው ሰው የሚሄድበት አያጣም። እኔ ባቄላዬን ጠብሻለሁ። የቀረው መንገዱ ነው።