የሆሳዕናው ባሕረ ነጋሽ

በየከተማው አንድ ጊዜ ሩቅ አገር ሄዶ ዕድሜ ልኩን የማይመለስ ሰው አይጠፋም። ሥጋው መጥቷል፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ወሬው ግን እዚያው ቀርቷል።

የሆሳዕናው፣ ሰው በሹፈት «ክቡር ባሕረ ነጋሽ» የሚለው አሳምነው ነው። ከተማው ባለ ጋሪ ፈረሱን የሚያጠጣበት ወንዝ እንጂ ታንኳ የሚንሳፈፍበት ውሃ የለውም። እሱ ግን በወጣትነቱ ጎጃም ሲያስተምር ጣናን በደንገል ታንኳ አቋርጧል። «ብቻዬን» ይላል። «ሰው የለ፣ ዛፍ የለ፤ ብቻዬን።»

ከእሱ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የምታመልከው እታለም ይህን ታሪክ ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ሰርግ ላይ ሰምታዋለች። ሺንሺቾ ለቅሶ ስትሄድ መኪና ላይ ሰምታዋለች። ጥርሷን ልታስነቅል ተራ ስትጠብቅ፣ ጉንጯ አብጦ «ይብቃዎት» ማለት ባቃታት ሰዓት እንኳ አልማራትም።

ዘመኑ ደግሞ ክፉ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ታሽጎ ቁልፉ ቀበሌ ገብቷል። ባሏ ሲጸልይ ተይዞ እስካሁን አልተፈታም። ምእመናኑ እሁድ ከሰዓት እሷ ቤት ተሰብስበው ለእሱ ይጸልያሉ፤ መጽሐፍ ቅዱሱ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ቆጮው ሥር ይደበቃል። ከጸሎት በፊት ግን ምስክርነት አለ። ምስክርነት አይቋረጥም፤ ይህን ደንብ ከአሳምነው በላይ የሚያውቅ የለም።

ያን እሁድም «ምስክርነት አለኝ» ብሎ ተነሣ። እታለም ጥርሷን ነከሰች። ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ስለ ባሏ አንድ ቃል ሳይጸለይ በአሳምነው ታሪክ መቅዘፊያው ተሰበረ። ይኼኔ በሩ ተበረገደና የቀበሌው ሊቀመንበር ጠባቂዎቹን አስከትሎ ገባ።

«ያለ ፈቃድ የምን ስብሰባ ነው?»

እታለም መዋሸት አይሆንላትም። «ጋሼ አሳምነው ጣናን ያቋረጡበትን እያወሩልን ነው» አለች።

ሊቀመንበሩ ሳቀባት። «ይህ ሁሉ ሰው ለተረት? እሺ፣ እሳቸው ዝም ይበሉ። አንቺ ንገሪኝ፤ የት ደርሰው ነበር?»

የስንት ዓመት ንዴቷ አንደበት አወጣ። «መቅዘፊያው ተሰብሯል። አሁን ኮታቸውን አውልቀው ሸራ ያደርጉታል። ኮቱ ባሕር ዳር የተገዛ ነው፤ አንድ አዝራሩ ላልቷል። ከዚያ ይብራ የሚሉት ወፍ መጥቶ ታንኳው ጫፍ ላይ ያርፋል፤ በአማርኛ ይቆጡታል።»

«በሀዲይኛ» አለ ሽማግሌው አቶ ዋለ ከጥግ።

«አማርኛ አልሰማ ሲላቸው ነው ወደ ሀዲይኛ የዞሩት።»

«ወፉ የመጣው ከኮቱ በፊት ነው» አለ አሳምነው፣ እንደ ተበደለ ሰው።

ሊቀመንበሩ ቤቱን በዓይኑ በረበረ። መጽሐፍ አልተገለጠም፣ መዝሙር አልተጀመረም። የክቡር ባሕረ ነጋሹ ታሪክ ሰዓቱን በልቶታል። በዚያ ላይ በዚህ ታሪክ እግዚአብሔር የሚጠራው ታንኳው ዳር ሲደርስ ብቻ ነው፤ እታለምን ከሁሉ በላይ ሲያንገበግባት የኖረውም ይኸው ነበር።

«ደሴቱ ላይ የሆነውን ልቀጥልልዎት፣ ጓድ ሊቀመንበር?» አለ አሳምነው።

«ሌላ ቀን» ብሎ ሊቀመንበሩ ፈጥኖ ወጣ።

የእግራቸው ኮቴ ሲርቅ አቶ ዋለ መጽሐፍ ቅዱሱን ሊያወጣ ወደ ቆጮው አመራ። አሳምነው ዙሪያውን አይቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ሊቀመጥ ሲል እታለም ክንዱን ያዘችው። ፊቷ እንደ ተቆጣ ነው፤ ድምፅዋም አልለዘበም።

«የት ይቀመጣሉ፣ ጋሼ? ታንኳው እኮ ገና ውሃ ላይ ነው። ያድርሱት።»