ባሕር ማዶ ለሚያስተምር ሰው ዋስ ሲፈለግ

ውጭ አገር ሄጄ እንግሊዝኛ ላስተምር ካልክ፣ መጀመሪያ ቁጭ ብለህ አስብ። እኔ አስቤያለሁ። አንድ ሉክ ወረቀት በማስመሪያ ለሁለት ከፍዬ፣ «ልሂድ» እና «ልቅር» እያልኩ አሥራ ሁለት ቀን ጻፍኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ያን ጊዜ መንዝ ውስጥ፣ ሞላሌ ነበር የማስተምረው። ከባሕር ማዶ ያለች ወዳጅ አገር የእንግሊዝኛ መምህራን ፈለገችና ስሜ ወጣ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። የእኔ እንግሊዝኛ ለሰው አገር ይበቃል? ስለ ውሃው፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ሙቀቱ ሁሉ ጻፍኩ። እናቴ የበግ ጠጉር ባና ልታስይዘኝ ተነሳች። አገሩ እሳት ነው ብላት፣ «ማታ ማታስ?» አለችኝ። መንዜ መሽቶ የማይበርድ አገር አለ ቢሉት መቼ ያምናል? ተሸክሜው ሄድኩ።

ወረቀቴ ላይ ያልጻፍኩት ዋስ የሚባለውን ነገር ነው። ከአገር ለመውጣት «ካልተመለሰ እኔ ልጠየቅ» ብሎ የሚፈርም ሰው ያስፈልግ ነበር። ባልደረቦቼን ብጠይቅ ሁሉም ድንገት ሥራ በዛባቸው። በመጨረሻ ገብስ አራሹ አጎቴ ጋሽ ሽፈራው ዘንድ ሄድኩ። ነገሬን ሳልጨርስ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሱ።

ዋስ በሚፈረምበት ጽሕፈት ቤት ሹሙ፣ «አባት፣ ልጁ ቢቀር እስር እንዳለብዎ ያውቃሉ?» አላቸው።

«ጓድ፣ የመንዝ ልጅ ነው እኮ የምልዎ! እርስዎ ማኅተምዎን ይምቱ።»

አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ እስኪጨማደድ ተጫኑት። ደረቴ ተነፋ።

እዚያ ስደርስ ተማሪዎቼ እንግሊዝኛ የት እንደተማርኩ ጠየቁኝ። ለንደን እንድላቸው ነው። ሞላሌ አልኳቸው። ካርታ ላይ ቢፈልጉ አጧት። በቀይ እስክሪብቶ አስገባኋት፤ እጄ አድልቶ ነው መሰል፣ ከአዲስ አበባ ሰፋች። በዓመቱ ያ ክፍል በፈተና አንደኛ ወጣ። ጉራ እንዳይሆንብኝ ውጤቱን ሁለቴ አጣርቻለሁ።

ውላችን ሲያልቅ አብረውኝ የሄዱት አራት መምህራን ወደ አውሮፓ ሊሾልኩ ሆነ። «አንተ ሞኝ፣ ሽማግሌ ማን ያስራል?» እያሉ ወተወቱኝ። በዚህኛው ጊዜ ወረቀትም ማስመሪያም አልፈለግኩ። ብቻዬን ተመለስኩ።

አጎቴ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበው ጠበቁኝ። «አላልኳችሁም? አንድ ቀን እንኳ ተጠራጥሬ አውቃለሁ?» አሉ። ኮሩ፤ እኔም ኮራሁ።

ሰዉ ሲበተን ሚስታቸው እትዬ አስካለ ከጓዳ አንድ ስልቻ በሶ ጎትተው አመጡ።

«ይህ ሁሉ ለእኔ ነው?» አልኳቸው።

«ኤዲያ! ለአጎትህ የእስር ቤት ስንቅ ነው እንጂ። ከሄድክ ጀምሮ አሮጌውን እየበላን በየወሩ አዲስ ያስፈጩኛል። አሁንማ ማን ይጨርሰዋል? ብላ!»

ጋሽ ሽፈራውን ሳል ያዛቸው። እኔ ግን ጭራሽ ኮራሁባቸው። ለሚያምነው ሰውማ ማንም ይፈርማል።