ሊቀ ግድግዳ ካሳው

ፈጣሪ ለአንድ ሰፈር ችግር ሲሰጥ፣ «ቀላል ነው!» የሚል ሰውም አብሮ ይሰጠዋል። ችግሩ ይለመዳል። ሰውየው ግን አይለመድም።

ፈንታነሽ ይህን የተማረችው ከአጥሯ ግንብ ነው። ቤቷ ከጋፋት የሚመጣው መንገድ ወደ ገበያው ሲታጠፍ ጥጉ ላይ ነው፤ ግንቡም ረጅምና ኖራ የተቀባ። እንዲህ ያለ ግንብ ያየ ጎረምሳ እጁን ይበላዋል። የኳስ ቡድን ስም፣ ቀስት የተወጋ ልብ፣ የስልክ ቁጥር፣ የማን እናት ምን እንደሆነች፣ ሁሉም የሚጻፈው እሷ ግንብ ላይ ነው። ትፍቃለች፤ ይጽፋሉ። ኖራ ትቀባለች፤ አዲስ ደብተር እንደተገዛላቸው ሁሉ ደስ ብሏቸው ይጽፋሉ።

ይህን ጊዜ ነው ጎረቤቷ አቶ ካሳው የመጡት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው የሰው ችግር ነው። ሰፈርተኛው «ሊቀ ግድግዳ» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል፤ እሳቸውም እንደ ሹመት ተቀብለውታል።

«ቀላል ነው!» አሉ፣ ከዘራቸውን ግንቡ ላይ ቀስረው። «እበት ለቅልቂው። እበት ላይ ማን ይጽፋል?»

እውነትም ማንም አልጻፈም። ማንም በዚያ አላለፈምም። ዝንቡ ግን ከእብናት ድረስ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ቀላል ነው!» አሉ ደግሞ፣ እበቱ ተፍቆ ሳያልቅ። መስቀል ላይ የሚጽፍ ክርስቲያን የለም ብለው በቀይ አፈር ትልቅ መስቀል ሣሉበት። የሚጽፍ የለም፤ የሚሳለም ግን ሞልቷል። ገበያተኛው ሁሉ ሸክሙን እያወረደ ግንቧን መሳለም ጀመረ። አንዲት መነኩሲትም ከሥሩ ተቀምጠው ጸሎት መድገም ያዙ። ፈንታነሽ እጣቢ የምትደፋበት አጣች፤ ሳትከናነብ ከበሯ መውጣት አፈረች።

«ጋሼ ካሳው፣ እባክዎ ያጥፉልኝ!»

«መስቀል አጥፋ ትይኛለሽ? እኔን?»

በመጨረሻ የሐምሌ ዝናብ አጠበላት።

ቀጥሎ የመጣው ማስጠንቀቂያ ነው። አቶ ካሳው ጥቁር የዘይት ቀለምና ብሩሽ ይዘው መጡና ከበሩ በስተግራ፣ የጎረምሶቹን ፊደል ሁሉ በሚያስንቅ ፊደል፣ «በዚህ ግንብ ላይ መጻፍ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ብለው ጻፉ። በማግሥቱ ከሥሩ «እሽ» ተብሎ ተጽፎ ተገኘ።

«ጋሼ ካሳው፣ የእርስዎ አይብስም?»

«የኔ ማስጠንቀቂያ ነው። የነሱ ብልግና ነው!» አሉና የተረፈውን ቀለም «ለድጋሚ ይሆናል» ብለው ከነብሩሹ ግንቡ ሥር ተዉት።

ጉድ የሠራት ያ ቀለም ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ልጇን ስርጉትን ለሙሉቀን ሊጠይቁ ከአንበሳሜ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሙሉቀን አስተማሪ ነው፤ ስርጉትም ስሙ ሲነሣ የያዘችው ዕቃ ከእጇ ይወድቃል። ፈንታነሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ግን ከበሩ በስተቀኝ፣ ገና በሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም፣ «ስርጉት የኔ ናት» ተጽፎ ጠበቃት። ይህን ያነበበ ሽማግሌ ከደጅ ይመለሳል። ኖራው አልቋል፤ የዘይት ቀለም በውሃ አይለቅም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከመታጠፊያው ብቅ ብለዋል።

«ጋሼ ካሳው! ቀለምዎ ገደለኝ!»

አቶ ካሳው ከደጃፋቸው ወጡ። ግንቡን አዩ፤ ሽማግሌዎቹን አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀላል ነው» አላሉም። ነጭ ጋቢያቸውን ዘርግተው፣ ክንዳቸውን ግራና ቀኝ ወጥረው፣ ሊደርቅ እንደተወጠረ ቆዳ ጽሑፉ ላይ ተለጠፉ።

«እንዴት አደሩ?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «አብረን አንገባም?»

«እናንተ ግቡ። እኔ ፀሐይ እየሞቅሁ ነው።»

ግንቡ ገና ጥላ ውስጥ ነበር፤ ውርጩም አልለቀቀም። ሽማግሌው ወደ ፈንታነሽ ጠጋ ብለው፣ «እኒህ ሰው ደኅና ናቸው?» አሉ።

«ጎረቤቴ ናቸው» አለች። ሌላ ምን ትበል?

ነገሩ ተነሣ፣ ረዘመ፣ ተፈቀደ፣ ተመረቀ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አቶ ካሳው እዚያው ናቸው። ከንፈራቸው ከብርድ የተነሣ ጠቁሯል። እጃቸውን ማንሣት ስላልቻሉ እንግዶቹን በአገጫቸው ሸኟቸው።

እንግዶቹ ሲሰወሩ ተላቀቁ። ግንቡ ላይ የማይነበብ ጥቁር ብዥታ ብቻ ቀረ።

«አየሽ? ቀላል ነው!» አሉና ጉዳይ አለብኝ ብለው የገበያውን መንገድ ያዙ።

ፈንታነሽ ጀርባቸውን ያየችው ይኼኔ ነው። ነጩ ጋቢ ላይ፣ ተገልብጦም ቢሆን፣ «ስርጉት የኔ ናት»። እሑድ ነው፤ ሰፈርተኛው ሁሉ ደጁ ላይ ተቀምጧል። ብትነግራቸው ጋቢውን አውልቀው መንገድ መሐል ሊመረምሩት ነው።

«ጋሼ ካሳው፣ ይቁሙማ!»

«ለግንቡ ከሆነ በላምባ ነው የሚለቀው። መጀመሪያ ጨርቁን...»

አልቆሙም። ምክር ከጀመሩ መቆም አያውቁም። ፈንታነሽ የነጠላዋን ሁለት ጫፍ ይዛ ዘረጋችና፣ ለታቦት ጥላ እንደሚይዝ ዲያቆን ከኋላቸው ተጠግታ መራመድ ጀመረች። እሳቸው ከፊት ስለ ላምባ ያስረዳሉ።

«ገባሽ?»

«ገባኝ፣ ጋሼ» አለች፣ ነጠላውን ከፍ አድርጋ። «ብቻ ቀስ ብለው ይሂዱልኝ።»