ውኃ ውስጥ መዘግየት

ሞትን በስሙ የሚጠራ የኛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። እኛ አደጋን የምንከላከለው ስሙን ባለማንሳት ነው። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይባል የለ? ስለዚህ ዝም ካልነው መንገዱ ይጠፋዋል ብለን እንኖራለን። እዚህ አትላንታም ሳይቀር።

አንድ ጊዜ የሕይወት ኢንሹራንስ የሚሸጥ የአገራችን ልጅ የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ሙሉጌታ ቤት ሄደ። ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ ለስላሳ ቀረበለት፣ «እርስዎ ሲሞቱ...» ብሎ ጀመረ። አልጨረሰም። ለስላሳውንም አልጨረሰም። ጋሽ ሙሉጌታ «ጠላቴ ይሙት!» ብለው እስከ መኪናው ድረስ ሸኙት። ልጁ ዛሬ ገብቶታል አሉ፤ «እንደው ራቅ ያለ መንገድ ቢሄዱ» እያለ ነው የሚሸጠው።

ልጄ መክሊት የኢንሹራንስ ወረቀቷን ይዛ የመጣችው እንግዲህ እኚህ ሰው ዘንድ ነው።

መክሊት እዚሁ ነው ያደገችው። በሥራ ቀን ደንዉዲ የሚባለው ሰፈር ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ ትውላለች፤ ቅዳሜ ሐይቅ ውስጥ ትዋኛለች። ገንዳ አላልኩም፤ ሐይቅ። ወለሉ የማይታየው። እኔ ከኤርፖርት ሰው የማመላልስ ሾፌር ነኝ፤ ከውኃ ጋር ያለኝ ዝምድና መኪና ማጠብ ላይ ያበቃል። እናቷ አስናቀች ደግሞ ልጅቷ በዋኘች ቁጥር ዳር ላይ ፎጣ ይዛ ትቆማለች። አንድ ቃል አትናገርም። ፎጣውን ብቻ ትጨምቀዋለች፣ ደረቁን።

ዘንድሮ መክሊት ማኅበራችን የሐይቅ ዋና ውድድር ያዘጋጅ አለች። ልጆቻችን ውኃ እየፈሩ አይደጉ ነው ነገሩ። ለሁለት ዓመት እሁድ እሁድ እየለፋች ሃያ ሦስት ሰው አሠልጥናለች። እሰይ አልን። ታዲያ ሐይቁን የሚያስተዳድረው የፓርክ ቢሮ ኢንሹራንስ ካልገባችሁ አልፈቅድም አለ። ኢንሹራንሱ ደግሞ የደኅንነት ዕቅዳችሁን ካላየሁ አልሰጥም አለ። ዕቅዱ ማኅበሩ ፈርሞበት እስከ ዓርብ ቀትር ካልደረሰ ውድድሩ ቀረ ማለት ነው።

እሁድ ኮሚቴው ተሰበሰበ። እኔም አለሁበት። መክሊት ላፕቶፗን ግድግዳው ላይ አበራችና «ኦኬ፣ ሪስኮቹን አንድ በአንድ ሊስት እናድርግ» አለች። ተራ ቁጥር አንድ፦ መስጠም።

«አታሟርቺ!» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ ብድግ ብለው። «ገና እግራቸው ሳይርስ!»

«ጋሼ፣ ላይክ፣ ፎርሙ ነው የጠየቀው።»

«ፎርሙ ልጅ የለውማ!»

ቤቱ በሙሉ ደገፋቸው። እኔም እጄን አወጣሁ፤ ምን ያስዋሸኛል። ሁለት ሰዓት ተከራከርንና መስጠም ተሰርዞ «ውኃ ውስጥ መዘግየት» ተባለ። መብረቅ «የአየር ጠባይ ለውጥ» ሆነ። የልብ መቆም «ድካም» ሆነ። የመጨረሻው ጥያቄ፣ አደጋ ቢደርስ ቤተሰብ በስንት ደቂቃ ውስጥ ይነገረዋል? የሚል ነበር። እዚህ ላይ ክርክር እንኳ አላስፈለገም። በመጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ይባላል። ቀጥሎ ሽማግሌ ይሰበሰባል። ከዚያ በማግሥቱ፣ ማልዶ፣ ዘመድ አዝማድ ባለበት። «መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። መክሊት ጭንቅላቷን ይዛ ተረጎመችውና ላከችው።

ማክሰኞ ከኢንሹራንሱ ቢሮ አንዲት ሴትዮ ደወለች። ጨዋ ናት። ውኃ ውስጥ መዘግየት ስትሉ ስንት ደቂቃ ማለታችሁ ነው? ብላ ጠየቀች። ሰው ሲጎዳባችሁ ለቤተሰቡ እንዋሻለን ብላችሁ ጽፋችኋል፣ በትክክል አንብቤው ነው? አለች። መክሊት ምን ትበል፣ አዎ አለች። ሴትዮዋም ምንም አደጋ ለሌለበት ነገር ቢሯችን ዋስ አይሆንም፣ እስከ ዓርብ ሌላ ላኩ፣ ብላ ዘጋች።

ልጄ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ዳድ፣ ካንስል ሊደረግ ነው። እነዚያን ሁሉ ሰዎች ምን ልበላቸው?» አንጀቴን በላችው። እሁድ ያወጣሁት እጄ አሳፈረኝ። ዞር ስል አስናቀች ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ትክ ብዬ አየኋት። ለመሆኑ አንቺ ዳር ቆመሽ የምትፈሪው ምን ምኑን ነው? አልኳት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ልናገረው?»

«ተናገሪው እንጂ።»

እግዚኦ! ለካ የስንት ዓመት ኖሯል። «መነጽሩ ጉም ለብሶበት በሌላ አቅጣጫ ቢዋኝስ? የፊተኛው በተረከዙ ዓይኑን ቢለውስ? ጾመኛ ሆኖ ባዶ ሆዱን ቢገባስ? ሳይችል አፍሮ እችላለሁ ያለ ቢኖርስ? ደክሞት ወጥቶ፣ ለማንም ሳይናገር ቤቱ ቢገባና እኛ ውኃ ውስጥ ስንፈልገው ብንውልስ?» መክሊት እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ታይፕ ማድረግ ጀመረች። ሽንኩርቱ ጠወለገ። አስናቀች ገና መሞቋ ነው።

«ደግሞ» አለች፣ «ጀልባ ላይ ያለው ጠባቂ ‹ደህና ነህ?› ብሎ እንዳይጠይቅ። የኛ ሰው እየሰጠመም ‹ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?› ነው የሚለው። ዝም ብሎ ይጎትተው!»

የፍርሃቷ ዝርዝር ስልሳ አንድ ደረሰ። መክሊት ለእያንዳንዱ መፍትሔ ጻፈችለት። ጋሽ ሙሉጌታ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ሳያነቡ ፈረሙ። ዓርብ ጠዋት ሴትዮዋ ደወለች፤ ድምፅዋ ልውጥ ብሏል። ጸድቋል አለች። ቀጥላም ይህን የጻፈው ምን ያለ ባለሙያ ነው? አለች።

«እናቴ ናት» አለቻት መክሊት።

ውድድሩ ተደረገ። ጋሽ ሙሉጌታ በልጅነቴ ወንዝ አቋርጥ ነበር ብለው አጭሩን ርቀት ገብተው ኖሮ፣ ገና ሳይጋመስ «ደህና ነኝ! ደህና ነኝ!» እያሉ በብብታቸው ተጎትተው ወጡ። እኔ ስልሳ አንዱን በስልኬ ይዤ ዳር ቆሜያለሁ፤ አንድ በአንድ እያነበብኩ እፈራለሁ። ድሮ ምኑን አውቄው! አጠገቤ ደግሞ አንዲት ፈረንጅ ቆማ፣ ከውኃ የሚወጣውን በጣቷ ትቆጥራለች፣ ትሳሳትና እንደገና ትጀምራለች። የማን ዘመድ ነሽ? ብዬ ጠየቅኋት። የኢንሹራንሷ ሴትዮ ናት! ቢሮው ልኳት እንዳይመስላችሁ፤ የዕረፍት ቀኗ ነው። ያንን ዝርዝር ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም አለችኝ።

መጨረሻ ላይ መክሊት እየሣቀች ወጣች። ሴትዮዋ ከኔ ቀድማ ሮጣ ፎጣ አለበሰቻት። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ያቺ እናት የት አለች? አብሬያት ልቆም ነበር የመጣሁት፣ አለች።

መኪናችንን አሳየኋት። አስናቀች የፊቱን ወንበር ወደ ኋላ ለጥጣ፣ ጫማዋን አውልቃ ታንኮራፋለች። ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ እንዲሁ ናት።

ሴትዮዋ ክው አለች። ልጇ ሐይቅ ውስጥ ሆና እናት እንዴት ትተኛለች? አለችኝ።

«ኢንሹራንስ አላት» አልኳት።